የቡርቃ ጭሶች

ሹም ሲናገር ዝናብ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ራያ በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት በጎርፍ በተወሰደ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሹም ሲናገር የሚነሣው አቧራ ነው። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ብቅ ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ማሽላው ገና ጉልበት ሳይደርስ አገዳው ቆሞ ደረቀ። ከብቱ በየሜዳው ወድቆ አሞራው ከጥጋብ ብዛት መነሣት አቅቶት ነበር። እንዲህ ባለው ሰሞን ነው ከአውራጃ የመጣ ሹም በላንድሮቨር አውራ መንገድ ዳር ያለችው ሮቢት ደርሶ የአካባቢውን ገበሬ ሾላው ሥር ያሰባሰበው።

የቡርቃው ገበሬ ታሂር የመጣው ስልቻ ይዞ ነው። እሱ ብቻ አይደለም፤ ከቡርቃ መንደር ሜዳውን አቋርጦ የመጣው ሰው ሁሉ ስልቻና ቁና ይዟል፤ መንግሥት በዚህ ቀን ሰው ከጠራ እህል ሊሰፍር ነው ብሎ። እናቱ ዓሊማም ጉልበቷን እያሻሸች በምርኩዝ ተከትላዋለች። ሹሙ ግን ስለ እህል አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መንግሥት ለመሠረተ ልማት የሚሆን ብዙ ገንዘብ ከባሕር ማዶ ማግኘቱን አበሠረ። በዚህ ገንዘብ የምድር ባቡሩ ሊሰፋ ነው፤ እስከ ዛሬ ድሬዳዋ ሲያመላልስ የኖረው ሐዲድ ቅርንጫፍ አውጥቶ በራያ ሜዳ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ ጭነት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያሳፍር፣ ወንበርና መስኮት ያለው ባቡር ይመጣል፤ ሮቢትም ጣቢያ ይኖራታል አለ። ከቆቦ ጧት የተነሣ ሰው ምሳውን ደሴ ይበላል ሲል፣ ምሳ የሚለውን ቃል የሰማ ሕዝብ ምራቁን ዋጠ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ታሂር ወሬውን ወዶታል። ጎጃም እህሉ ከጎተራ ይፈሳል ሲባል ሰምቷል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ያልቃል። መሀል ላይ የጠፋው መንገድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ወይ እህሉ ወደ ሰው ይመጣል፣ ወይ ሰው ወደ እህሉ ይሄዳል፤ ጉልበት የከዳውም ተቀምጦ ይደርሳል። እናቱም ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብላ፣ ጉልበቷ የማይታዘዝላት አሮጊት ትሳፈርበት እንደሆን ጠየቀች። ሹሙ ሣቀና፣ እንዲያውም ለእንዲህ ያሉት ነው የሚሠራው፣ ማንም ሳይገፋቸው ተቀምጠው ይሄዳሉ አለ። ሕዝቡም አብሮ ሣቀ። ደብሪቱ የምትባል የቡርቃ ሴት ብቻ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች።

ሹሙ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን አንዲት ነገር ጣል አደረገ። ሐዲዱ መሬቱን የሚነካበት ሰው ካሣ ወይም ምትክ ያገኛል፤ «ባለቤቱ ግን በቦታው መገኘት አለበት» አለ። ይህን ብሎ በሩን ዘጋና ሄደ። እሱ ምን አለበት፣ ቃል ወርውሮ መሄድ ነው፤ የተወረወረበት ይወቀው።

ጥቂት ቆይቶ መሐንዲሶች መጡ። ሦስት እግር ባለው መነጽር ሜዳውን እያዩ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል እየተከሉ ወረዱ። መስመሩ ቡርቃን ለሁለት ሰንጥቆ በታሂር ደጅና በጎረቤቱ በአያ ደምሴ በረት መሀል አለፈ። አፈሩ የባቡር ክብደት ይችል እንደሆን ለማየትም በየቦታው የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ከአፈሩ በከረጢት ቋጥረው፣ ጉድጓዱን እንደ ተከፈተ ትተው ወደ ቆቦ አለፉ። ጅብ እንጂ ሌላ ምን ሊገባበት ነው ብሎ ማንም አልደፈነውም።

ቡርቃ ያን ጊዜ ለስደት ጓዙን ሸክፎ ነበር። የቀረው ነገር ቢኖር አውራ መንገድ ዳር ወጥቶ በሚያልፍ መኪና ፊት እጅ መዘርጋት ነው። የሹሙ ቃል ግን መንደሩን እግር ከወርች አሰረው። አያ ደምሴ የቀዬው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታ፣ ልጆቻቸው ሁመራ ለቀን ሥራ ሄደው ብቻቸውን የቀሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚያስታርቁ። ሰውን ሰብስበው ያዩትን ነገሩት። ጣሊያን በወጣ ማግስት መሬት ሲደለደል፣ ቆጣሪው በበቅሎ መጥቶ ጉብታ ላይ ይወጣና በየቤቱ ጭስ ይቆጥር ነበር። ጭስ የሚወጣበት ቤት ባለቤት አለው፤ ጭስ የሌለው ጠፍ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። የታሂር አባት ያኔ ከጣሊያን በኋላ በተነሣው ዐመፅ ሰበብ ከወረደው የአውሮፕላን ቦምብ ሸሽቶ ቆላ ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ የመሬቱ እኩሌታ በሰው እጅ ገብቶ ጠበቀው። በዚያው ቁጭት ሳይድን ሞተ።

«ዛሬም ያው ነው» አሉ አያ ደምሴ። «ባለቤቱ በቦታው ይገኝ ማለት ጭሱ ይገኝ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሌላ አገር ቢሆን ይህን ሰምቶ የሚስቅ አይጠፋም። ቡርቃ ግን ሁሉም ወይ አባቱ ወይ አያቱ በጭስ ተቆጥሯል፤ ማን ይስቃል? ረኃቡ ከፊት ይጎትታል፣ መሬቱ ከኋላ ይይዛል። በመጨረሻ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ቀርቶ እሳት እንዲያነድ፣ ሌላው እንዲወጣ ተማከሩ። የሚቀረው ማን ነው? እሱን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይባልም። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ራሳቸው ቀድመው ተናገሩት፣ ልጆቻቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ታሂር ግን አልደፋም። እናቱን አዝሎ ሊሄድ ቆርጦ ነበር፤ መሬቱም ባቡሩም ገደል ይግባ ብሎ። ዓሊማ የቤቱን ምሰሶ ተደግፋ ተቀምጣ ሲለምናት ሰማችው፤ አንዴም አላቋረጠችው።

«ሁለት ልጅ አለህ፣ ጀርባህ አንድ ነው» አለችው። «እኔን ስታዝል ማንን ልታስቀምጥ ነው? አባትህ ሲነጠቅ አይቻለሁ። ተመልሳችሁ የምትገቡበት ካጣችሁ፣ የዳናችሁትስ ለምን ዳናችሁ? ሱብሂ ሰግጄ እሳቴን አነዳለሁ። አንተ አውራ መንገዱ አጠገብ ካለው ጉብታ ሆነህ እይ። ጭሴን ካየህ እናትህ አለች። አብሽር።»

ታሂር ወደ ደጅ አየ። ሁለቱ ልጆቹ ደጁ ላይ ዝንብ እንኳ ሳያባርሩ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ዚነት የቀረችውን አንድ እፍኝ የማትሞላ ማሽላ ለሁለት ከፍላ እኩሌታውን ለአማቷ በቅል አስቀመጠችላት፣ እኩሌታውን በጨርቅ ቋጠረች። ዓሊማ ልጆቹን አንድ በአንድ አቅፋ ዱዓ አደረገችላቸው፤ ጓዙን ራሷ አስተካክላ በዚነት ጀርባ ላይ አሰረችላት። ታሂር እጇን ስሞ ወጣ። ደጅ ወጥቶ ዞር ብሎ አላየም፤ ቢያይ እንደማይሄድ ያውቃልና።

ሮቢት መንገድ ዳር ደርሰው ዚነት ጨርቁን ስትፈታው ማሽላው እንዳለ ነው፤ የሁለቱም ድርሻ። አሮጊቷ ቅሉን ገልብጣ የራሷንም ቋጥራላቸዋለች። ዚነት ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ታሂር ግን እንባ አልመጣለትም፤ የመጣበት ብርድ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ያን ሌሊት ዓይኑ ሳይከደን ነጋ፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ጉብታው ላይ ወጣ።

ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ቡርቃ መሀሉ ላይ ናት። ሰማዩ ሳይፈካ አንድ ጭስ ከጎጆዎቹ መሀል ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከሁሉ ቀድሞ። የእናቱ ነው። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። «አልሃምዱሊላህ» አለና ተቀመጠ።

ሮቢት ለተሰደደው ሰው የተከፈተው መጠለያ አንድ ባዶ መጋዘን ነው። የተራቡ ሰዎችን የሚረዱ ሰዎች ገንፎና የዱቄት ወተት ይሰጣሉ፤ የሚሰጠው የበሰለ ስለሆነ እዚያው በልቶ እዚያው መተኛት እንጂ ይዞ መሄድ የለም። ደግሞ ተቅማጥና ትውከት ገብቷል። ከግቢው ርቆ የሄደ ሰው በሽታ ይዞ ይመጣል ተብሎ ዘበኛው አያስገባውም። ጉብታው እበሩ ላይ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ብቻ ይፈቀዳል። ታሂር ቡርቃ ሄዶ እናቱን ሊያይ በተነሣ ቁጥር ዚነት ታማሚውን ትንሹን ልጅ ትሰጠዋለች። አንተ ከወጣህ ተመልሰህ አትገባም፤ ይሄን ልጅ ማን ይዞልኝ ነው ለትልቁ ወረፋ የምሰለፍ ትለዋለች። እሱም ልጁን አቅፎ ይቀመጣል። ልጁ ቀለለ፤ በየቀኑ የበለጠ ይቀላል።

እንግዲህ የቡርቃ ሰው ጸሎቱም ወሬውም ጉብታው ላይ ሆነ። ክርስቲያኑ እያማተበ፣ እስላሙ ዱዓ እያደረገ በየጧቱ ይወጣል፤ የየራሱን ጎጆ ፈልጎ ጭሱን ሲያይ ይተነፍሳል። ደብሪቱም እናቷን ትታ የመጣች ናት። ምላሷ በረኃብም አልዶለዶመ። የእናቷ ጭስ ሲጠቁር፣ እሜቴ ዛሬም ጥሬ እንጨት ማገደች፣ ስንት ዘመን ነግሬያት አልሰማ አለች ትላለች። የታሂርንም ስታይ፣ እትዬ ዓሊማ ያው እንደ ልማዷ ቀድማናለች ትላለች። ሰው ይስቅላታል። ሣቁ ግን ከጥርስ አያልፍም፤ የእያንዳንዱ ዓይን የራሱን ጭስ እንዳያጣ ሜዳው ላይ ተተክሏል።

ታሂር ምን ትበላለች እያለ ያስባል። በለሱ ወቅቱ አልፏል። ቅጠል ቀቅላ ይሆናል ይላል ለራሱ፤ አያ ደምሴም አሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይሆናሉ። ጭሱ እስካለ ድረስ አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው።

ምክንያቱም ጭሱ ተለውጧል። እናቱ በሕይወቷ ሱብሂ አሳልፋ አታውቅም፤ ሰግዳ ወዲያው ነው እሳት የምትለኩሰው። አሁን ግን ጭሷ የሚወጣው ፀሐይ ከዞብል ላይ ከተነሣች በኋላ ነው። በፊት የመንደሩ ጭስ ሁሉ ባንድ ላይ ብድግ ይል ነበር፤ አሁን ከሰሜኑ ዳር ይጀምርና አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላው፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ እየተራመደ የሚሄድ ይመስላል። ታሂር ይህን ባየ ቀን ግራ ቀኙን አየ፤ ሌላም ሰው አይቶት እንደሆን ለማወቅ። ደብሪቱ እንኳ ቀልዷን ትታ ሜዳውን ታያለች። ማንም ማንንም ሊጠይቅ አልደፈረም፣ ጥያቄው ከአፍ ከወጣ የማይመለስ ነውና። አርጅተዋል፣ ደክሟቸው ያረፍዳሉ አለ ታሂር በሆዱ፤ ወርዶም ልጁን አቀፈ።

በኅዳር አጋማሽ ላይ መሐንዲሶቹ ከቆቦ ወደ ደሴ ሲመለሱ ላንድሮቨራቸው ሮቢት ቆመ፤ ሰው መንገዱን ሞልቶት ማለፍ አቅቷቸው። ከመካከላቸው አንድ ወጣት መሐንዲስ ወርዶ የያዘውን ዳቦ ለልጆች ሲቆርስ ታሂር ልጁን እንዳቀፈ እግሩ ላይ ወደቀ። ደብሪቱና የቡርቃ ሰዎችም ከበቡት። ታሂር እያለቀሰ፣ ቤቱ ቀዩ ችካል አጠገብ መሆኑን፣ እናቱ እሳት እያነደደች እየጠበቀችለት መሆኑን፣ ጭሱ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አለመቋረጡን፣ ቆጥረው ጨርሰው ከሆነ ሄዶ እንዲያወጣት እንዲነግሩት ለመነ። ወጣቱ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ሁለት ሦስቴ አስደገመው።

«ጭስ?» አለ። «ጭስ የሚቆጥር ሰው የለም። እኛ አፈሩን ነው የምናጠናው።»

ከዚያም ደንግጦ በተቻለው መጠን አስረዳ። ዘንድሮ የተገኘው ገንዘብ ለጥናት ብቻ ነው፤ ሐዲዱ የሚዘረጋው ገና ሌላ ገንዘብ ሲገኝ ነው፣ እሱም መቼ እንደሆነ አይታወቅም። መስመሩም በቡርቃ ላያልፍ ይችላል። ባለቤት የሚመዘገበው ያን ጊዜ ነው፤ የተሰደደ ተመልሶ ሲመጣ ጎረቤት መስክሮለት ይመዘገባል። ማን ነው ሰው ቁጭ ብሎ እሳት ያንድድ ያላችሁ አለ። ወጣቱ የቀረውን ዳቦ በሙሉ ሰጥቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

የቡርቃ ሰዎች እንደ ቆሙ ቀሩ። ከዚያ ታሂር ወደ ዚነት ዞረ። ዚነት ሁሉንም ሰምታለች፤ ልጁን ከእጁ ተቀበለችው። «ሂድ» አለችው። «ዘበኛውን እኔ እለምናለሁ።»

ሌሎቹ ለምን አብረውት አልሄዱም የሚል ይኖር ይሆናል። ግማሹ መቆም አይችልም፤ ግማሹ ልጅ ታቅፏል። ደግሞ ፍርሃት አለ። ሂያጅ አንድ ሰው ይሁን፣ እኛ ከዚህ እንይ የሚል ፍርሃት። ደብሪቱ እስከ ጉብታው ሥር ሸኘችው፤ እናቴን ዓይኗን አይተህ ና አለችው። ሌላ ቀልድ አልጨመረችም።

ታሂር ሜዳውን ሲያቋርጥ ጭሱን ከዓይኑ አላወጣም። አለ። ያውና የእናቱ ጭስ፣ ከጣሪያው ላይ ሲትጎለጎል። እያየው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። እየቀረበ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ተሰማው፤ ወይም ያልተሰማው ነገር ነው ያስፈራው። ውሻ አይጮኽም። ሰው አያስልም። ይህን ያህል ቤት እየጨሰ አንድ ድምፅ የለም። የመጀመሪያው ጎጆ በር ክፍት ነው፤ አንገቱን አስገብቶ ተጣራ። ምድጃው ላይ እሳት አለ፣ በእሳቱ ላይ ጭስ እንዲያበዛ እርጥብ ቅጠል ተጭኖበታል። ሰው የለም። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ ነው፤ እሳትና ቅጠል ብቻ። ታሂር ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት አልገባም። ወደ ራሱ ደጅ ሄደ።

«እማ» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

እሳቱ ይንጣጣል። መስገጃዋ ቁርበት ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ምርኩዟ አጠገቡ ነው። ታሂር ወደ ውስጥ አንድ እግሩን እንኳ ማስገባት አቃተው። የሆነ ነገር መሬት ላይ እየተጎተተ ሲመጣ ከኋላው ሰማ፤ ዞር ብሎ ለማየት ድፍረት አጣ። ሲዞር አያ ደምሴ ናቸው። ከሰውነታቸው የቀረው አጥንትና ጋቢ ነው። በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው እጃቸው በገል ላይ ፍም ይዘዋል፤ እግራቸውን እያንፏቀቁ ከዚያኛው ቤት ወደዚህኛው እየመጡ ነበር።

ታሂር የእናቱን ስም ጠርቶ ጥያቄውን መጨረስ አልቻለም። ሽማግሌው ገሉን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ነገሩት። ዓሊማ ብዙም አልቆየች። አንድ ጧት ሰግዳ፣ እሳቷን አንድዳ፣ እዚያው መስገጃዋ ላይ ጋደም እንዳለች ቀረች። ከዚያ የደብሪቱ እናት፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ፤ አንድም አልተረፈ። አያ ደምሴ መቃብር ለመቆፈር አቅም አልነበራቸውም። የባቡሩ ጉድጓዶች ክፍት ነበሩ፤ እየጎተቱ ወስደው እዚያ አስተኝተው፣ ጅብ እንዳያወጣቸው ድንጋይና እሾህ ከመሩባቸው።

«እናትህን ፊቷን ወደ ቂብላ አዙሬያታለሁ» አሉት። «የኔ ጸሎት አይሆናትም ብዬ፣ እሷ ስትል ስሰማ የኖርኩትን ያህል አልኩላት። ስሕተትም ካለው አምላኳ ያርመው።»

ታሂር «ኢናሊላሂ» አለና መሬት ላይ ተደፋ። ሲያለቅስ ሽማግሌው ፍሙ እንዳይጠፋ እፍ አሉበት። የሞቱት ሰዎች ቤት ጠፍ እንዳይባል፣ ልጆቻቸው መግቢያ እንዳያጡ፣ ፍም በገል እየያዙ ከቤት ቤት ሲዞሩ መክረማቸውን ነገሩት። ጧት ከሰሜኑ ዳር ይጀምራሉ፤ የመጨረሻው ቤት ሲደርሱ የመጀመሪያው ሊጠፋ ይቃረባል፣ እንደገና ይዞራሉ። አዲስ ነገር አደረግሁ የሚል አነጋገር አልነበራቸውም። የሚበሉትን ነገር አላነሡም፣ ታሂርም ለመጠየቅ አልደፈረም።

ከዚያ ቀና ብለው በደከመ ዓይናቸው አዩት። «ቆጠሩት?» አሉ።

ታሂር በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት የፈራ አይመስለኝም። የተከፈተው የእናቱ ቤት ከኋላው አለ፣ ጉድጓዶቹ ከፊቱ አሉ፣ እኒህ ሰው መሀል ላይ ተቀምጠው መልስ ይጠብቃሉ። እውነቱን ቢነግራቸው እዚያው ነው የሚወድቁት፤ ይህን ያውቃል። ደግሞ ካልተቆጠረ አልነሣም ብለው ገሉን ይዘው ሊቀጥሉም ይችላሉ።

«ተቆጠረ፣ አያ ደምሴ» አለ። «ሁሉም ተቆጥሮ አለቀ። አሁን ይነሡ፣ እንሂድ።»

ሽማግሌው አማተቡ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ደስታ ታሂር ማየት አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ሲያዝላቸው ክብደታቸው ከትንሹ ልጅ እምብዛም አይበልጥም ነበር። በእናቱ ጉድጓድ በኩል አልፎ ቆመ፤ ከድንጋዩ ላይ እጁን አሳርፎ ፋቲሓ ቀራ። ሽማግሌው ከጀርባው ሆነው፣ እጃቸውን እንደሱ ዘርግተው፣ አሜን አሉ።

ወደ አውራ መንገዱ ሲያቀኑ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ታሂር አንዴ ዞር ብሎ አየ። የሰሜኑ ዳር ጭስ ቀጥኗል። ቀጥሎ ያለው ጠፍቷል። ከዚያ ከፊት ለፊቱ ጉብታውን አየና ነገሩ የዚያን ጊዜ ገባው፤ ሰው ጉብታው ላይ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ቆሟል፣ ሁሉም ሜዳውን ያያል። አንድ በአንድ ሲጠፋ እያዩ ነው። ለምን እንደሚጠፋ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ወደነሱ የሚሄደውም እሱ ነው። እግሩ አልሄድ አለው። ሜዳው ላይ ተደብቆ ቢያድር፣ ሌላ ሰው ቢነግራቸው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ሁሉን ተመኘ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ጀርባው ላይ ያሉት ሽማግሌ ሲተነፍሱ አንገቱ ላይ ይሰማዋል፣ ስለዚህ ሄደ።

ደብሪቱ ከጉብታው ቀድማ ወረደች። ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ፣ እየሮጠች መጥታ ፊቱ ቆመች። ጀርባው ላይ ያሉትን ሰው አየች፤ ከኋላው ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆን ሜዳውን አየች። ማንም አይመጣም።

የተናገሩት አያ ደምሴ ናቸው። ከጀርባው ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ ለማድረግ ሞከሩ።

«ደብሪቱ ልጄ፣ የእናትሽን እሳት ሳነድ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሁሉንም። እነሱማ ካረፉ ቆዩ። ግን አይዟችሁ፣ አንድ ቤት ጠፍ አልተባለም። ታሂርን ጠይቁት፤ ሁሉም ተቆጥሯል።»

ጉብታው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ጧት የመሐንዲሱን ቃል በጆሮው ሰምቷል። ሁሉም ታሂርን አየው። ታሂር ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሽማግሌው መልስ እየጠበቁ፣ ፈገግ ብለው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያሉ።

ደብሪቱ እናቷን የምታለቅስበት ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሲታገላት ታሂር ያያል። መልሳ ዋጠችው። ቀርባ የአያ ደምሴን እጅ፣ በፍም የተቃጠለውን መዳፋቸውን ያዘችና ሳመችው።

«እግዜር ይስጥልን አያ ደምሴ» አለች። «ቤታችንን አቆዩልን።»

ከኋላዋ አንዱ ሰው እሪ አለ፣ ከዚያ ጉብታው በሙሉ።